ዝናብ የጫነችው መርከብ

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ጡሩምባው ሲነፋ በላይኛው ፈንታሌ የውጭ በር ሁሉ ይዘጋል። የፀሐይ ሰዓት ነው። ከዚያ እስከ አስር ሰዓት ድረስ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው መጀመሪያ ይመከራል፤ ሁለተኛ ይቀጣል፤ ሦስተኛውን ፀሐይ ራሷ ትጨርሰዋለች። ስለዚህ ሰው ቤቱ ይገባል፣ መጋረጃውን ይጋርዳል፣ ፍራሹ ላይ ጋደም ይልና ሻሹን ይጠመጥማል። ሻሽ የሚሉት ዓይንና ጆሮ ላይ የሚያርፈውን ስስ ጨርቅ ነው። ፋብሪካው ረጅም ስም አውጥቶለት ነበር፤ ሕዝቡ ሻሽ አለውና ሻሽ ሆኖ ቀረ። ሻሹ ከተጠመጠመ በኋላ ቤቱ ውስጥ የሚተነፍስ ገላ እንጂ ሰው የለም። ሰውየው ማዶ ሄዷል።

ማዶ ጨዋታ ነው። በ2097 ዓ.ም. አስራ አንድ ሚሊዮን ሰው ቀትሩን የሚያሳልፍበት ጨዋታ። ልጆች ጀመሩት፣ አዛውንቶች ወረሱት። እዚያ ገበያ አለ፣ ሰርግ አለ፣ ዕድር ሳይቀር አለ። ከሁሉ በላይ ግን መርከቦች አሉ፤ ከአንዱ ኮከብ ወደ ሌላው ሰባት ስምንት ቀን የሚጓዙ የጠፈር መርከቦች። መድረሻው ላይ እምብዛም የሚታይ ነገር የለም። ሰዉ የሚወደው መንገዱን ነው። ቤት ተዘግቶበት የሚውል ሰው መንገድ ይናፍቃል።

ዘነቡ ደገፋ የእነዚህ መርከቦች ነዳፊ ነበረች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ዝምተኛ፣ ቀጭን፣ ሥራ ስትይዝ መብላት የምትረሳ። በሙያው ውስጥ የምትታወቀው በትንንሽ ነገር ነበር። ሌሎች ነዳፊዎች ስለ ክንፍና ስለ እሳት ሲጨነቁ እሷ የበር ማጠፊያ ላይ ሦስት ቀን ትቀመጣለች። መንገደኛ እጁን የሚያሳርፍበት ብረት በብዙ እጅ የለሰለሰ መምሰል አለበት ትላለች። የሠራቻቸው መርከቦች አያብረቀርቁም። ግን የገባባቸው ሰው «እዚህ ከዚህ በፊት ሰው ኖሯል» ይላል፤ ለዚህም ነበር የሚወዷት።

የምትኖረው ስድስት ቤተሰብ በሚጋራው ጊቢ ውስጥ፣ ከእማማ ቢታንያ ጎን ባለች አንዲት ክፍል ነው። ዘመኑ እንዲህ ነበር፤ ወጣቶቹ ዘነቡ፣ ጫኔ፣ ደብሪቱ ይባላሉ፣ አሮጊቶቹና ሽማግሌዎቹ ደግሞ ቢታንያ፣ ናታን፣ ኤልዳና። እማማ ቢታንያ ሰባ አራት ዓመታቸው ሲሆን አርባውን ዓመት አስተማሪ ሆነው አሳልፈዋል። ልጅ የላቸውም። የጊቢው ሰው እማማ ቢቲ ይላቸዋል። እሳቸውም የጊቢውን ሰው ሁሉ፣ ጢም ያለውንም ሳይቀር፣ እንደ ተማሪ ይቆጣሉ።

በሰኔ ወር ላይ የዘነቡ የሥራ ኃላፊ አቶ ኪሩቤል ከአዲስ አበባ በስልክ ጠሯት። ድምፃቸው ሁልጊዜ የደከመ ነው፤ ክፉ ሰው ግን አይደሉም።

«ዘነቡ፣ ሰዉ መሀል መንገድ ላይ ይሰለቻል» አሏት። «በአራተኛው ቀን ላይ ይወርዳል። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይከተለዋል። በአራተኛው ቀን የማይወርዱባት መርከብ ስሪልኝ።»

«ምን እንዲኖራት ይፈልጋሉ?»

«እሱን ባውቅ አንቺን እጠራ ነበር?»

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር፤ የውሃ ቀን። ላይኛው ፈንታሌ ውሃ የሚያገኘው ማክሰኞና ዓርብ ነው። ከታች፣ ድሮ ከተማዋ በነበረችበት ሜዳ ላይ፣ ዓይን እስኪታክት የሚዘልቅ ሐይቅ ተኝቷል፤ ግን ጨው ነው። ያ ሐይቅ ነው እየሰፋ መጥቶ የታችኛውን ከተማ የዋጠውና ሰውን ወደ ዳገቱ ያወጣው። እንግዳ ሰው ሲመጣ «ይህን ሁሉ ውሃ ይዛችሁ ነው የምትሰለፉት?» ብሎ ይስቃል። አንዴ ከቀመሰው በኋላ አይስቅም።

ዘነቡ ጀሪካኖቿን ሞልታ ስትመለስ እማማ ቢቲ በራቸው ላይ ቁጭ ብለው እግራቸውን በሳህን ይታጠባሉ። ታጥበው ሲጨርሱ ውሃውን ለፓፓያዋ ተክል አፈሰሱላት፤ አንድ ጠብታ ውጭ አልወደቀም።

«እማማ፣ እርስዎ ልጅ እያሉ ዝናቡ እንዴት ነበር?»

«እንዴት ነበር ማለት?» ቀና ብለው አዩአት። «ይዘንብ ነበር ነዋ! ማን ጉዳዬ ብሎ ያየው ነበር? ጭቃው ያማርረን ነበር እንጂ።» ትንሽ ቆይተው ግን ሳህኑን እንደያዙ አንጋጠው ሰማዩን አዩ። ሰማዩ እንደ ተወለወለ ሳህን ባዶ ነበር። «ሐምሌን ብታይ ኖሮ» አሉ።

መርከቧን ሐምሌ አለቻት።

አስራ አንድ ሳምንት ፈጀባት። መርከቧ ከውጭ ሲያዩዋት ተራ ነበረች፤ ግራጫ፣ ሆዷ ሰፊ፣ እንደ ከበደች ላም ዝግ ብላ የምትሄድ። ጉዱ ሆዷ ውስጥ ነው። ሁለት መቶ እርምጃ የሚረዝም አዳራሽ ሠራች፤ ወለሉ ሣር፣ ጣሪያው ደመና። በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ይዘንባል። እንዲሁ መስመር መስመር እየሆነ የሚወርድ የጨዋታ ዝናብ አልነበረም። እያንዳንዷ ጠብታ የራሷ መንገድ አላት። ቅጠል ላይ ታርፋለች፣ ትሰበራለች፣ ስብርባሪዋ ሌላ ቅጠል ላይ ይወድቃል። የመንገደኛው ቅንድብ ላይ ትንጠለጠላለች። አንገቱ ሥር ትገባለች። ዘነቡ ዝናብ ያየችው በሕይወቷ ሰባት ስምንት ጊዜ ቢሆን ነው፤ ስለዚህ አሮጌ ምስሎችን ስትመረምር፣ ውሃ በወንፊት ስታፈስስና ስታይ ከረመች።

ለሙከራ መርከቧ ውስጥ የገቡት የመጀመሪያዋ ሰው እማማ ቢቲ ነበሩ። ዘነቡ ሻሹን በእጇ አስተካክላ አሰረችላቸውና ራሷም ተከተለቻቸው። አዳራሹ ውስጥ አሮጊቷ ቀጥ ብለው ቆሙ። ዝናቡ ሲጀምር አፋቸውን ከፈቱ። ለረጅም ጊዜ ቆመው ከቆዩ በኋላ ጫማቸውን አወለቁ።

«ይበርዳል እንዴ?» አሉ።

«ሻሹ ብርድ አይሰጥም፣ እማማ።»

«እኔን ግን በረደኝ» አሉና ትከሻቸውን አቅፈው ሳቁ።

መርከቧ በመስከረም መጀመሪያ ላይ ለሕዝብ ተከፈተች። በመጀመሪያው ሳምንት አራት መቶ ሺህ ሰው ተሳፈረባት። በአራተኛው ቀን የወረደ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ሰባት ሰዓት ሲቃረብ ሰዉ ከየክፍሉ እየወጣ ወደ አዳራሹ ይጎርፋል፤ አባቶች ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ ያወጣሉ፤ የማይተዋወቁ ሰዎች እየተያዩ ይሳሳቃሉ። አንድ ሽማግሌ ሦስት ቀን ሙሉ ከአዳራሹ ሳይወጣ ሣሩ ላይ ተኝቶ ውሏል። አቶ ኪሩቤል ደውለው «እጅሽ ይባረክ» አሏት። ከእሳቸው እንዲህ ያለ ቃል ሰምታ አታውቅም።

በዚያው ሰሞን ዓርብ ዕለት ውሃ ሳይመጣ ቀረ። በሚቀጥለውም ዓርብ ቀረ። ከዚያ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ «በፍላጎት መጨመር ምክንያት ፈረቃው በሳምንት አንድ ቀን እንዲሆን ተወስኗል» ይላል። የማን ፍላጎት እንደጨመረ አይልም። ሰዉ ድርቁን ረገመ፣ ፓምፑን ረገመ፣ ኮሚቴውን ረገመ። ቀጥሎ ማክሰኞም አጠረ፤ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት መጥቶ ሦስት ሰዓት ላይ ይሄዳል። ያልደረሰው ሰው ዳገቱን ወርዶ አሮጌው ቦኖ ድረስ መሄድ ጀመረ። አምስት ሰዓት ላይ ጡሩምባው ሲነፋ ሰዎቹ ባዶ ጀሪካናቸውን በራቸው ላይ ደርድረው ይገባሉ፤ ሻሻቸውን ጠምጥመው ሐምሌ ላይ ይሳፈራሉ፤ ሰባት ሰዓት ላይ እስኪበሰብሱ ይዘንብባቸዋል። አስር ሰዓት ላይ ደርቀው ይነሳሉ።

እማማ ቢቲ የወደቁት በጥቅምት የመጀመሪያው ሐሙስ ነው። ከቦኖው ጀሪካን ይዘው ሲመለሱ ጡሩምባው ሊነፋ አስር ደቂቃ ቀርቶት ነበር፤ ቸኮሉ፤ ድንጋዩ ከዳቸው። ዳሌያቸው ተሰበረ። ውሃው ሁሉ ፈሰሰ። ያገኛቸው ሮባ ነው።

ሮባ ጅሎ ከዘነቡ ጋር አንድ ክፍል የተማረ ሰው ነው። አሁን ከከተማው በላይ ባለው ቀዝቃዛው ቤት ውስጥ የቧንቧ ቴክኒሻን ነው። ቀዝቃዛው ቤት የሚባለው ማዶን የሚያስቡት ማሽኖች የተደረደሩበት መስኮት የለሽ ትልቅ ሕንፃ ነው፤ በየከተማው አንድ አንድ አለ፣ መርከብም የሚታሰበው ነዳፊው በሚኖርበት ከተማ ባለው ነው። ሮባ አሮጊቷን በመሥሪያ ቤቱ ባጃጅ ጭኖ ጤና ጣቢያ አደረሳቸውና ለዘነቡ ደወለላት።

ኮሪደሩ ላይ ቆመው ሲጠብቁ ሮባ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ «አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር» አላት። «ሳምንት ሆነኝ እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ ሳስብ።»

«ንገረኝ።»

«መንገሩ አይበቃም። ነገ ከጡሩምባው በፊት እኔ ጋ ነይ። የፀሐይ ሰዓቱን እዚያው ትውያለሽ።»

በማግስቱ ሄደች። ቀዝቃዛው ቤት ውስጥ ስትገባ የመጀመሪያው ነገር ብርዱ ነበር፤ እውነተኛ ብርድ፣ አጥንት የሚገባ። ሮባ የራሱን ካቦርት አለበሳት። እንደ ዛፍ ግንድ በወፈሩ ቧንቧዎች መሀል አሳልፎ ወደ ቆጣሪዎቹ ክፍል አስገባት። ሻይ ጠጡ። ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ሞተው ወንድሙ አወሩ። ሰባት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ሮባ ብርጭቆውን አስቀመጠና «ስሚ» አላት።

ፓምፖቹ ድምፃቸውን ለወጡ። መጀመሪያ እንደ ማጉረምረም፣ ቀጥሎ እንደ ጩኸት። የቆጣሪው መርፌ እንደ ደነገጠ ሰው ተነስቶ ቀዩ ላይ ቆመ።

«ዝናብሽ ጀመረ» አላት።

ዘነቡ ወደ መርፌው ጠጋ አለች።

«እያንዳንዷ ጠብታ ትታሰባለች፣ አይደል?» አላት ሮባ በለሆሳስ። «የት እንደምታርፍ፣ ምን ላይ እንደምትሰበር።»

«አዎ። ውበቱ እሱ ነው።»

«የሚያስበው ማሽን ደግሞ ይሞቃል። የሞቀውን የምናቀዘቅዘው በውሃ ነው። ውሃው እንፋሎት ሆኖ በጣሪያው ይወጣል። አለቀ፤ ሌላ ምስጢር የለውም።»

«በሐይቁ ውሃ ለምን አይሆንም?»

«ጨው ነው፤ ቧንቧውን በስድስት ወር ይበላዋል። ይሄ ቤት እንደ ሰው ነው፤ የሚጠጣው ንጹሑን ነው። ያች የአንቺ አዳራሽ ብቻዋን ከዚህ ከተማ ውሃ ግማሹን ትጠጣለች።» ፊቷን አይቶ ቶሎ ጨመረ፤ «አንቺን ለመውቀስ አይደለም። እኔም ራሴ ገብቼ ቆሜበታለሁ። እናቴን ይዤ።»

በአንዲት ጠባብ የመስታወት ቀዳዳ በኩል ወደ ጣሪያው አሳያት። ነጭ እንፋሎት እየተጥመለመለ ደመና ወደሌለበት ሰማይ ይወጣና ብዙም ሳይርቅ ይጠፋል። ዘነቡ አስር ሰዓት እስኪሆን ድረስ ከዚያች ቀዳዳ አልተነቃነቀችም።

ለአቶ ኪሩቤል ደውላ ያየችውን ሁሉ ነገረቻቸው። አላቋረጧትም።

«ዘነቡ» አሉ በመጨረሻ፣ «እኔ የማየው ካርታ ላይ ነው። የእናንተ ከተማ እዚህ አረንጓዴ ሆኖ ነው የሚታየው። አረንጓዴ ማለት በስምምነቱ መሠረት ማለት ነው።»

«ሰው ዳሌው ተሰብሯል፣ አቶ ኪሩቤል።»

«እስከ ጥቅምት ሠላሳ ድረስ መርከቧ በእጅሽ ናት፤ ደንቡ እሱ ነው። የፈለግሽውን ብትለውጪ እኔ አላግድሽም። ሰዉ ከወረደ ግን ከእጅሽ ትወጣለች። ከዚያ በኋላ እኔም ላድንሽ አልችልም።»

እማማ ቢቲ በሳምንታቸው ወደ ቤት ተመልሰዋል። አይነሱም። የጊቢው ሴቶች በየተራ ያገላብጧቸዋል፣ ገላቸውን በእርጥብ ጨርቅ ያብሱላቸዋል፤ ጨርቁን ለማራስ ግን ውሃው አይበቃም። ቀኑን ሙሉ የሚያሳልፉት ሐምሌ ላይ ነበር። ዘነቡ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ቆጣሪውን፣ እንፋሎቱን፣ መርፌውን።

አሮጊቷ ሰምተው ሲጨርሱ ጣሪያውን አዩ። «እንግዲያ እኔ የወደቅሁት በዝናብ ነዋ!» አሉና ሳቁ፤ ሳቁ ዳሌያቸውን ስላመማቸው ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ላጠፋው ነው፣ እማማ። ዛሬውኑ።»

ሳቁ ጠፋ። «ምኑን?»

«ዝናቡን።»

«እዚያ እኮ በእግሬ እሄዳለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «እዚያ ሣሩ ላይ በባዶ እግሬ እቆማለሁ። እዚህ ደግሞ ሽንቴን እንኳ ሰው ያሸናኛል። የትኛውን ልትወስጂብኝ እንደሆነ ገብቶሻል?»

ዘነቡ ብርድ ልብሱን ልታስተካክልላቸው እጇን ዘረጋች።

«ሂጂ» አሏት። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ወጣች። ያን ቀን መርከቧን አልነካችም። ሁለት ጊዜ ከፈተቻት፣ ሁለት ጊዜ ዘጋቻት። በማግስቱ ጠዋት ግን ጎረቤቷ ደብሪቱ መጥታ «እማማ ይጠሩሻል፣ ቶሎ ትምጣ እያሉ ነው» አለቻት።

እማማ ቢቲ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሌሊቱን እንዳልተኙ ያስታውቃሉ፤ ዓይናቸው ግን ክፍል ገብታ ተማሪ እንደምትፈትን አስተማሪ ንቁ ነበር።

«ነይ ተቀመጪ። አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ዝናብ ውስጥ የሚቆመው ማን ነው?»

«ማለት?»

«እብድ ነዋ! ወይ እረፍት የሌለው መንገደኛ። ጤነኛ ሰው ይጠለላል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ዝናብ ውስጥ ቆሜ አላውቅም፤ አንቺ ነሽ ያቆምሽኝ።» ትንፋሽ ወሰዱ። «አራተኛ ሐን ሳስተምር ስልሳ ሁለት ልጆች ነበሩኝ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። መስኮቱ ትንሽ ናት፤ ውጭው አይታይም። ዝናቡ ሲመጣ ድምፄ አይሰማም። ብጮህ አይሰማም። ጠመኔዬን አስቀምጬ ወንበሬ ላይ እቀመጥ ነበር። ስልሳ ሁለት ልጅ፣ አንዱ ካንዱ የማይስማማ፣ ሁሉም ጸጥ። አንዳንዱ ጭንቅላቱን ዴስኩ ላይ ያሳርፋል። ማንም ዝናቡን አያየውም እኮ! ዝናብ የሚሰማ ነገር ነው፣ ዘነቡ። ያን ያህል ዓመት የኖርኩት እሱን እየሰማሁ ነው።» ጠጋ አሉ። «አሁን ንገሪኝ፤ ድምፅ ስንት ውሃ ይጠጣል?»

ዘነቡ አሰበች። እንደ ሙያዋ አሰበች። ጠብታ አይታይም። መንገድ የለውም። ቅጠል የለም። «አንድ ጀሪካን አይሞላም» አለች።

«በይ ተነሺ። ቆርቆሮ ፈልጊ።»

ቆርቆሮውን ያመጣው ሮባ ነው፤ ከታችኛው ከተማ ፍርስራሽ፣ ከሐይቁ ዳር፣ የዛገና ሁለት ቦታ የተበሳ። በማክሰኞ ጠዋት በጊቢው መሀል በአራት ወንበሮች ላይ አጋደሙት። ሥሩ ትልቅ ሳፋ ተደረገ። የእማማ ቢቲን አልጋ ወደ በሩ ጎትተው አቀረቡላቸው። ሮባ መሰላል ላይ ወጥቶ በወንፊት ውሃ ማፍሰስ ጀመረ። አንዲት ጠብታ እንዳትባክን ጎረቤቶቿ ጫኔና ደብሪቱ ዳር ዳሩን ጆግና ባልዲ ይዘው ቆሙ። ሳፋው የያዘውን ውሃ መልሰው ለሮባ ያቀብሉታል። ዘነቡ ድምፁን ትቀርጻለች።

«አይ፣ አይ!» ይጮሃሉ አሮጊቷ። «ይሄ በቆሎ ሲቆላ ነው። ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ ይቆጠራል። ጠብ። ጠብ፣ ጠብ። አንድ፣ ሁለት ብለሽ ትቆጥሪዋለሽ። ከዚያ ነው የማይቆጠረው።»

ሮባ ደገመ። ሦስተኛ ጊዜ ደገመ። እጁ ዛለ።

«አሁን ንፋስ መጣበት፤ ወደ አንድ ወገን ሄደ። እንደሱ። ጠንከር አድርገው ልጄ። ጠንከር!»

ሮባ ባልዲውን እንዳለ ወንፊቱ ላይ ገለበጠው። ቆርቆሮው ጮኸ። የጊቢው ሰው አንድ በአንድ ከየቤቱ ወጥቶ ጀሪካኑን እንደያዘ ቆመ። ለውሃ ሲሻሙ የከረሙ ሰዎች ናቸው፤ በዚያች ሰዓት ግን ማንም ስለ ወረፋ አላነሳም። እማማ ቢቲ ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ብርድ ልብሱ ላይ ዘርግተው ነበር፤ ጠመኔ እንዳስቀመጠ እጅ።

መርከቧ ተለወጠች። ሣሩና ደመናው ወጡ። በቦታቸው ዝቅ ያለ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የእንጨት አግዳሚ ወንበሮች፣ ውጭ የማታሳይ ትንሽ መስኮት ገቡ። አቶ ኪሩቤል ሲያዩት «በጠፈር መርከብ ላይ ቆርቆሮ?» አሉ። ከዚያ ድምፁን ሰሙት። ጥቅምት ሠላሳ ከመድረሱ ሁለት ቀን በፊት ፈርመው አሳለፉት።

ሰዉ ተቆጣ። «ዝናባችን የት ሄደ?» የሚል ጽሑፍ በማዶ ግድግዳዎች ሁሉ ላይ ተጻፈ። በአራተኛው ቀን ከአራት መቶ ሺህው መንገደኛ መቶ ስልሳ ሺህው ወረደ። ሦስት ቀን ሙሉ ሣር ላይ ተኝቶ የነበረው ሽማግሌም ከወረዱት አንዱ ነበር፤ ዘነቡ ስሙን ከዝርዝሩ ላይ ስታይ ልቧ ተሰበረ። የቀሩት ሰባት ሰዓት ላይ ወንበሮቹን ይሞሉና ወሬያቸውን ያቆማሉ። ከመሀላቸው አንዳንዱ ጭንቅላቱን ጎረቤቱ ትከሻ ላይ ያሳርፋል፤ ጎረቤቱም አይነሳበትም።

ሐምሌ ከእጇ ወጣች። በደንቡ መሠረት ለሌላ ነዳፊ ተሰጠች፤ እሱ ግን ዝናቡን ለመመለስ የተፈቀደለት የማሽን አቅም ስላልነበረ እንዳለች ተዋት። ሮባ የሚጠብቀው መርፌ ከቀዩ ወረደ። የተረፈው ውሃ ወዲያው ወደ ከተማው አልመጣም፤ ኮሚቴው ተሰበሰበ፣ ደብዳቤ ተጻጻፈ፣ ማስታወቂያ ተነሳ። በኅዳር አጋማሽ፣ ዓርብ ዕለት ጠዋት፣ የጊቢው ቧንቧ ሳል እንደያዘው ሰው ተንተፋተፈና ፈሰሰ። እማማ ቢቲ በዚያ ወር በምርኩዝ መቆም ጀምረው ነበር። ሰው እንዲይዛቸው አልፈለጉም። ወንበር አስወጥተው፣ ተቀምጠው፣ ፀጉራቸውን በገዛ እጃቸው ታጠቡ።

ዘነቡ ከንድፍ ሥራ ተነስታ መርማሪ ሆነች። ሌሎች ነዳፊዎች የሠሯቸውን መርከቦች ለሕዝብ ከመከፈታቸው በፊት ገብታ የምታይ፣ ጉድለት የምትጽፍ ማለት ነው። ቅጣት ነበር፤ አቶ ኪሩቤል ግን ሲነግሯት «ከዚህ ወንበር ላይ ብዙ መርከብ ይታያል» ብለው ነበር። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቀችም።

በታኅሣሥ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ከአርባ ምንጭ የተላከ ንድፍ ደረሳት። ሲፈን የምትባል የሃያ አምስት ዓመት ነዳፊ የሠራቻት መርከብ ናት፤ አንድ ወር ያህል በሙከራ ላይ ቆይታለች። ዘነቡ ገባችባት። መርከቧ መሀል ላይ ከሦስት ፎቅ ከፍታ የሚወርድ ፏፏቴ አለ። ውሃው አለቱ ላይ ሲሰበር እያንዳንዷ ፍንጣቂ ብርሃን ይዛ ትበተናለች። እጅግ ያምራል። እሷ ራሷ እንዲህ አድርጋ መሥራት አትችልም ነበር። ለረጅም ጊዜ ቆማ አየችው፤ እጇን ዘርግታ ፍንጣቂው መዳፏ ላይ ሲያርፍ ጠበቀች።

ወጥታ ሻሹን ፈታችና ደወለች።

«ሄሎ፣ ሲፈን ነሽ? ዘነቡ እባላለሁ፤ መርከብሽን የመረመርኩት እኔ ነኝ።»

«እንዴት አገኘሽው?» የልጅቷ ድምፅ በጉጉት ሊፈነዳ ደርሷል። «ፏፏቴውን አየሽው? ስምንት ወር ነው የፈጀብኝ!»

«አየሁት። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።» ዘነቡ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች። «እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናንተ ሰፈር ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?»

ሲፈን ሳቀች። «አርባ ምንጭ ላይ ተቀምጠን ውሃ በፈረቃ? እኛ ጋ እኮ ሁልጊዜ ነው። ሁሌም...» ሳቁ መሀል ላይ ቆመ። «ለነገሩ፣ ሰሞኑን አልፎ አልፎ ይጠፋል...»



ዘነቡ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች።

«ጊዜ አለሽ?» አለቻት።